ከማረሚያ ቤት ወጥቶ ሥራ ለሚፈልግ፦ ከአሻራው በፊት ተያዡን አስብ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደርሶኛል። ተመሳሳይ ነገር ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ስምህንና ቀበሌህን ትቼ ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠውና ወደ መልሱ እገባለሁ። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብላ ካለች ቀበሌ ነህ፣ በእርሻ ድንበር በተነሳ ጸብ የጎረቤትህን ልጅ በዱላ መተህ እጁን ሰብረኸዋል፣ 3 ዓመት ተፈርዶብህ በአመክሮ ከወጣህ ሁለት ዓመት አልፎሃል። ውስጥ ሆነህ ብየዳ ተምረህ ሲኦሲም (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ወስደሃል። ከዛ ቡሬ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ተወዳደርክ፣ የተግባር ፈተናውን አለፍክ፣ የኤችአሯ ልጅ "አሻራና ተያዥ ይዘህ ና" ስትልህ እሺ ብለህ ወጥተህ በዛው ቀረህ። አሁን ደሞ አንድ ደላላ በ15 ሺህ ብር አሻራህን አጸዳልሃለሁ እያለህ ነው። የጠየቅከኝም ሪከርዱ ይጠፋል ወይ፣ ልደብቅ ወይስ ልናገር፣ የመንግሥት ሥራ ለዘላለም ቀረብኝ ወይ፣ ደላላውን ልስማው ወይ ነው።

እኔ አሁን ጠበቃ ነኝ፣ ከዛ በፊት ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ።

ከደላላው ልጀምር፣ እሱ ነው ዛሬ ነገ የማይባለው። ብሩን እንዳትሰጠው። ሪከርድ ማለት ፖሊስ ጋ የተቀመጠ የጣትህ አሻራና ከሱ ጋር የተያያዘ የፍርድ መረጃ ነው፣ ደላላ እጁን የሚያስገባበት ቦታ አይደለም፣ የሆነ ነገር ቢሰጥህ እንኳን ኮምፒውተር ቤት የተሠራ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው የሚሰጥህ። እሱን ይዘህ ፋብሪካ ገባህ ማለት ደሞ እስካሁን ያልነበረብህን ወንጀል በራስህ ላይ ጨመርክ ማለት ነው፣ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል። ልዩነቱ ይገባሃል አይደል? በድንበር ጸብ ሰው የመታ ገበሬ ጎጃም ውስጥ ማንም የሚረዳው ነገር ነው፣ ቀጣሪውም ራሱ የገበሬ ልጅ ነው፣ የአጎቱ ወይ የአክስቱ ልጅ በዚሁ ጉዳይ ደብረ ማርቆስ ወይ ፍኖተ ሰላም ማረሚያ ቤት ገብቶ ወጥቶ ይሆናል። ሐሰተኛ ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ግን ማንም አይረዳውም፣ ያኔ ስምህ "ተጣልቶ ነበር" ከሚባለው ወጥቶ "አጭበርባሪ ነው" ወደሚባለው ይገባል፣ ከዛ ማውጣት ደሞ መከራ ነው። ስም ልቀይርና አዲስ አበባ ልሂድ ያልከውም እንደዛው፣ ስም ይቀየራል፣ ጣት ግን አይቀየርም።

ሪከርዱ ይጠፋል ወይ? አዎ፣ በሕግ የሚጠፋበት መንገድ አለ፣ ግን በራሱ ጊዜ አይጠፋም፣ አንተ ነህ ሄደህ የምትጠይቀው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ መሰየም የሚለው ነገር ነው። ቅጣቱን የጨረሰ ሰው የፈረደበት ፍርድ ቤት ሄዶ "ጠባዬን አስተካክዬ ኖሬያለሁ፣ ፍርዱ ይሰረዝልኝ፣ ሙሉ መብቴ ይመለስልኝ" ብሎ ያመለክታል፣ ፍርድ ቤቱ ካመነበት ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ለወደፊትም እንዳልነበረ ይቆጠራል። እንደውም ከዛ በኋላ አንድ ሰው ክፋት አስቦ "ይሄ እኮ እስር ቤት የነበረ ነው" እያለ ቢያዋርድህ በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል፣ እውነት ነው የተናገርኩት ማለትም አያድነውም። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ጠበቆችም ራሳችን ብዙ አንናገረውም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ምናልባት ብዙ ብር ስለማይገኝበት ይሆናል።

መስፈርቶቹ ግን አሉ። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። የተፈረደብህ ጽኑ እስራት ከሆነ ቅጣቱ ካበቃ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት፣ ከዛ ውጪ ከሆነ ቢያንስ 2 ዓመት ማለፍ አለበት። እዚህ ላይ ነው አንተ ያልነገርከኝ ነገር ያለው፣ 3 ዓመት ብለህ ብቻ ነው የጻፍክልኝ። 3 ዓመት ግን ጽኑም ቀላልም ሊሆን ይችላል። ከባድ የአካል ጉዳት የሚለው አንቀጽ 555 ለዳኛው ሁለቱንም ይፈቅድለታል፣ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ወይም ከአንድ ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት። ክሱ ተቀይሮልህ ቀላል የአካል ጉዳት በሚለው በአንቀጽ 556 ከሆነ ጥፋተኛ የተባልከው ደሞ ቅጣቱ ያው ቀላል እስራት ነው። እና አሁኑኑ የውሳኔህን ግልባጭ አውጣ። አብዛኛው ሰው ግልባጩን ሲያገኝ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ምስክሮቹ ያሉትን እያነበበ ይናደዳል፣ አንተ እሱን ተወውና በቀጥታ መጨረሻው ገጽ ሂድ። የቅጣት ውሳኔው ሥር "በ3 ዓመት ቀላል እስራት እንዲቀጣ" ነው ወይስ "በ3 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ" የሚለው? ያቺ አንዲት ቃል ነች የሦስት ዓመት ልዩነት የምታመጣብህ። ከሱ ዝቅ ብሎ ትእዛዝ የሚለው ጋ ደሞ "ከሕዝባዊ መብቱ ለዚህን ያህል ዓመት ተሽሯል" የሚል መኖር አለመኖሩን እይ፣ ካለ እሱም ጊዜው ማለፍ አለበት፣ አንዳንድ ጊዜ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሙያ ወይም ንግድ እንዳይሠራ የሚከለክልም አለና በደንብ አንብበው።

ሁለተኛው መስፈርት በመሀል ሌላ ጥፋት አለመኖሩ ነው፣ አመክሮውን ሳታበላሽ መጨረስህ እዚህ ይጠቅምሃል። ሦስተኛው የተበዳዩን ካሳ አቅምህ በፈቀደ መክፈልህ ነው። ይቺ ሦስተኛዋ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፣ ወደሷ እመለሳለሁ። ሌላ ማወቅ ያለብህ፣ ማመልከቻህ ውድቅ ከተደረገ 2 ዓመት ሳይሞላ መልሰህ ማቅረብ አትችልም፣ ስለዚህ "እስቲ እንሞክረው" ብለህ ወረቀት ሳታሟላ ዘለህ እንዳትገባ። አንዴ ከተሰየምክ በኋላም በ5 ዓመት ውስጥ ሌላ ከባድ ነገር ውስጥ ገብተህ ጽኑ እስራት ከመጣ የተሰጠህ ይሻራል።

እንግዲህ ቀላል እስራት ከሆነ ጊዜህ ደርሷል ወይም እየደረሰ ነው፣ ጽኑ ከሆነ ገና ነህ። ገና ከሆንክ ምን ታረጋለህ? አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ይሄዳል ወይ ጠጅ ቤት ቁጭ ይላል። እኔ ግን የምልህ እስካሁን ካየኋቸው ጉዳዮች ሰው "አሻራ፣ አሻራ" እያለ ይጨነቃል እንጂ ከሥራ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ተያዥ ነው። አንተም በደንብ ብታስበው ከፋብሪካው በር የመለሰችህ ልጅ ሁለት ነገር ነው የጠየቀችህ፣ አሻራው ቢቀር እንኳ ተያዡን ከየት ታመጣው ነበር? የግል ድርጅት በሪከርድህ ምክንያት የግድ አልቀጥርህም እንዲል የሚያስገድደው ሕግ የለም፣ የግድ ቅጠረው የሚለውም የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳት ምናምን ሠራተኛ እንዳይለይ ይከለክላል፣ የወንጀል ሪከርድን ግን በስም አልጠቀሰም፣ ስለዚህ ነገሩ ያለው በሰውየው እምነት ላይ ነው። እኛ አገር ደሞ አንድ ቀጣሪ የማያውቀውን ሰው የሚያምነው በሌላ ሰው በኩል ነው፣ ተያዥ ማለት እሱ ነው።

ተያዥ ሲባል ደሞዝተኛ ነው የሚፈልጉት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ የሚመጣ። ገጠር ውስጥ ያለው ደሞዝተኛ ያው መምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የግብርና ባለሙያው ነው። እነሱ ጋ ሄደህ "ተያዥ ሁነኝ" ስትል ፊታቸው የሚጠቁረው ሁልጊዜ አንተን ጠልተው አይደለም፣ ዕዳው ስንት እንደሆነ ስለማያውቁ ነው፣ "የፋብሪካ ማሽን ቢያቃጥልብኝ ዕድሜ ልኬን ልከፍል ነው?" ይላል በሆዱ። እዚህ ላይ ሕጉ ካንተ ጋር ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፣ አንቀጽ 1922 ደሞ ዋሱ የሚገባበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፋብሪካው ሄደህ የዋስትናውን ፎርም ባዶውን ውሰድ፣ ስንት ብር እንደሚጽፉበት ጠይቅ፣ ለጥገና ሠራተኛ የሚጠይቁት ለገንዘብ ያዥ ከሚጠይቁት ጋር እኩል ሊሆን አይገባም፣ ይቀንሱልኝ ብለህ መጠየቅም ነውር የለውም። ከዛ ለመምህሩ ፎርሙን ይዘህ "ጋሼ፣ ዕዳው እዚህ ላይ የተጻፈው ብር ድረስ ነው፣ ከዛ አያልፍም" ብለህ ታሳየዋለህ። ባዶ እጅህን ሄደህ ለምነህ የሚመጣውና ቁጥር ይዘህ ሄደህ የሚመጣው መልስ አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ካሳው ልመለስ፣ ምክንያቱም የኔ ዋና ነገር እሱ ነው። ደብዳቤህ ውስጥ "ከልጁ ቤተሰብ ጋር እስካሁን አንነጋገርም፣ በገበያ ቀን ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ" ብለህ በመሀል ጣል አርገሃት አልፈሃል። ወንድሜ፣ ከጻፍከው ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። እኛ ጎጃሞች እናውቀዋለን፣ ፍርድ ቤት ፈረደ ማለት ጸብ አለቀ ማለት አይደለም፣ የመንግሥትን ጨረስክ እንጂ የሰውየውን አልጨረስክም። ሰዉም ተያዥ ከመሆኑ በፊት በሆዱ የሚጠይቀው "ታርቋል ወይ?" ብሎ ነው፣ ካልታረቅክ አንተን መያዝ ማለት ነገ ቂም ሲነሳ መሀል መግባት ነውና። ስለዚህ ሥራ ፍለጋውን ከእርቁ ጀምረው። ያገር ሽማግሌ ላክ፣ ነፍስ የጠፋበት ባይሆንም አጥንት ተሰብሯልና የደም ነገር የሚያደርቁትን፣ በሁለቱም ወገን የሚከበሩትን ሽማግሌዎች ምረጥ፣ የንስሐ አባትህንም ጨምር። ድንጋይ ተሸክመህ እግራቸው ላይ ውደቅ ካሉህ ውደቅ። ወጣቶቹ ይሄ ያረጀ ነገር ነው ትላላችሁ፣ እኔ ግን ከስንት የፍርድ ቤት ወረቀት የበለጠ በር ሲከፍት አይቻለሁ። ካሳ ካሉህ ደሞ ያለህን ተናገር፣ በአንዴ ካልቻልክ በዓመት በዓመት ብለህ ተስማማ።

እርቁ ሲያልቅ በቃል ብቻ እንዳይቀር፣ እባክህ አጽፈው። አንድ ገጽ ይበቃል። የሁለታችሁ ሙሉ ስም፣ ቀኑ፣ ጉዳዩ ምን እንደነበር፣ ካሳው ስንት እንደሆነና እንደተከፈለ፣ ከዛ ተበዳዩ ራሱ "ከዚህ በኋላ የካሳ ጥያቄ የለኝም፣ ታርቀናል" የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ የሽማግሌዎቹ ስምና ፊርማ፣ መፈረም የማይችሉት በአውራ ጣታቸው። አንዱን ኮፒ ቀበሌው ፋይል ላይ አስቀምጥ፣ ያንተን ላሚኔት አስደርገው። ይቺ አንድ ገጽ ተያዥ ፍለጋ ስትሄድ ታገለግልሃለች፣ ፍርድ ቤት መሰየም ስትጠይቅ ካሳ መክፈልህን የምታስረዳባት ማስረጃ እሷው ነች፣ ቀጣሪው ፊት ስትቀመጥም እሷኑ ነው ጠረጴዛ ላይ የምታስቀምጣት።

ደምበጫ አካባቢ የነበረ አንድ ደንበኛዬ ያንተ ዓይነት ጉዳይ ነበረው፣ ፍርዱም ከሞላ ጎደል ያንተው ነው። ከታረቀ በኋላ ተያዥ አጥቶ ሲንከራተት የተመታው ልጅ አጎት፣ መምህር ናቸው፣ "እኔ እፈርምለታለሁ" አሉ። ድርጅቱ ውስጥ የነበረው ሰው የዋስትናውን ደብዳቤ አይቶ "አጎትህ ናቸው?" ይለዋል፣ "አይደሉም፣ የመታሁት ልጅ አጎት ናቸው" አለው። ሰውየው ደብዳቤውን ደግሞ አነበበውና ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቀው "መቼ ትጀምራለህ?" አለው። ሁሉም ሰው እንዲህ ዓይነት ባላጋራ ያገኛል እያልኩህ አይደለም፣ እርቁ ግን ያላሰብከውን ሰው እንደሚያመጣ ልንገርህ ብዬ ነው።

ልደብቅ ወይስ ልናገር ላልከው፦ ሳትጠየቅ ሲቪህ ላይ አትጻፈው፣ ማመልከቻህ ላይም አታውጣው፣ ግዴታ የለብህም። ስትጠየቅ ግን አትዋሽ። ፎርሙ ላይ "በወንጀል ተፈርዶብዎት ያውቃል?" የሚል ካለ "አዎ፣ በቃል አስረዳለሁ" ብለህ ጻፍና እለፍ። ጥያቄው ፎርም ላይ ከሌለና አሻራ አምጣ ካሉህ ደሞ ወረቀቱ ከመድረሱ በፊት አንተ ቀድመህ ንገራቸው፣ ከወረቀት ላይ ሲያነቡትና ካንተ አፍ ሲሰሙት በጣም የተለያየ ነው። ጊዜውን ጠብቅ ግን፣ ችሎታህን ካዩ በኋላ ይሁን። አንተ እድለኛ ነህ፣ የተግባር ፈተናውን አልፈሃል፣ የበየድከውን አይተውታል። ስትናገር ባጭሩ ነው፣ ዳር ዳር አትበል፦ "በእርሻ ድንበር ጸብ ሰው መትቼ ተፈርዶብኝ ጨርሼ ወጥቻለሁ። ከተጣላሁት ሰው ጋር ታርቀን ወረቀቱ ይኸው። ብየዳውን የተማርኩት እዛው ሆኜ ነው፣ ሲኦሲዬን አይታችሁታል። በሙከራ ጊዜው እዩኝ።" በቃ፣ ከዛ ዝም በል። "እሱ ነው የጀመረኝ"፣ "በሐሰት መስክረውብኝ ነው"፣ "ዳኛው ዘመዱ ነበር" ማለት ከጀመርክ ግን አለቀ፣ እውነት ቢሆን እንኳን አትበለው፣ ሰውየው የሚሰማው ቂሙን ብቻ ነው። የሙከራ ጊዜ ያልኩህ ዝም ብዬ አይደለም፣ በአዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ ነው፣ በዛ ጊዜ ውስጥ ካልተስማማቸው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብቱህ ይችላሉ፣ ስለዚህ ቀጣሪው ብዙ የሚያጣው ነገር እንደሌለ ነው የምታስታውሰው።

ቢከራከሩህ ደሞ አንድ ነገር አለ። አዋጁ አንድን ሠራተኛ ተፈርዶበታል ብሎ ከሥራ ማሰናበት የሚፈቅደው ጥፋቱ ለያዘው ሥራ ብቁ እንዳይሆን የሚያደርገው ከሆነ ነው። ይሄ የተጻፈው ቀድሞ ለተቀጠረ ሰው ቢሆንም አስተሳሰቡ ላንተም ይሠራል፣ ጥፋቱና ሥራው ይገናኛሉ ወይ? ብር የሰረቀ ሰው ካሸር አይሆንም፣ ጠጥቶ በመንዳት ሰው የገጨ ሹፌር አይሆንም፣ እሺ፣ በድንበር የተጣላ ሰው ግን ብየዳ ለምን ይከለከላል? ይቺን በትህትና ነው የምትላት፣ እንደ ጠበቃ ሳይሆን እንደ ሥራ ፈላጊ። ባንተ በኩል ደሞ ከመሣሪያና ከጸብ ጋር የሚገናኝ ሥራ አሁን አትሂድ፣ ጥበቃ፣ ፖሊስ፣ ምናምን፣ ጊዜህን ነው የሚያባክንብህ።

የመንግሥት ሥራ ለዘላለም አልቀረብህም። ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ በስም ጠርቶ በር የሚዘጋው እምነት ማጉደል፣ ስርቆት፣ ማጭበርበርና የመሳሰሉት ላይ ነው፣ የአካል ጉዳት ማድረስ እዛ ዝርዝር ውስጥ ሳይ አላየሁትም። ግን ሲቀጥሩ ከፖሊስ የሪከርድ ማስረጃ ይጠይቃሉ፣ ኮሚቴው ወረቀቱን ሲያይ ደሞ ሌላ ተወዳዳሪ እያለ ለምን ራሱን ያስቸግራል? ስለዚህ መሰየሙን ካገኘህ በኋላ ብትወዳደር ነው የሚሻልህ፣ እስከዛ ልምድ አጠራቅም።

እስከዛ የምትሠራውን በተመለከተ፣ ያ የቡሬ ፋብሪካ በር ገና አልተዘጋም ባይ ነኝ፣ ተመለስና ልጅቷን አናግራት፣ ቦታው ተይዞም ከሆነ ሌላ ማስታወቂያ ይወጣል። ደሞ ቋሚ ቅጥር ብቻ አትይ። ቡሬም ደብረ ማርቆስም ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የዘይቶቹን ጨምሮ ብዙ የብረት ሥራ የሚያሠሩት በኮንትራክተር ነው፣ ኮንትራክተሩ ደሞ በቀን ሒሳብ ሲይዝህ የሚያየው እጅህን ነው፣ አሻራ የሚጠይቅም ብዙ አላጋጠመኝም። ሥራው ሲያልቅ የሥራ ልምድ ጻፍልኝ በለው፣ አትፈር፣ ሁለት ሦስት እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ካለህ ሲቪህ ላይ ያለው የእስር ቤት ክፍተት እየጠበበ ይሄዳል። ክፍተቱ ራሱም ባዶ አይደለም፣ የብየዳ ሥልጠናህን ዓመተ ምሕረቱን፣ የሲኦሲህን ደረጃ ጻፍበት። ከማረሚያ ቤቱም የሥልጠናና የመልካም ጠባይ ደብዳቤ ጠይቅ፣ አመክሮ የሰጡህ ጠባይህን አይተው ስለሆነ መጻፍ አይከብዳቸውም፣ ለፍርድ ቤቱም ይጠቅምሃል።

የራስህን ካሰብክ ደሞ ወረዳህ ያለው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሄደህ በማኅበር መደራጀት ትችላለህ፣ ብድሩ ከጸደይ ባንክ ነው፣ የድሮው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ማለት ነው፣ ግን እዛም ብዙውን ጊዜ በቡድን አንዱ ላንዱ ዋስ ሆኖ ነው የሚበደረው፣ አየህ ተያዥ እዚህም ይከተልሃል። ስለዚህ ከማን ጋር እንደምትደራጅ አስብበት፣ እስር ቤት አብሮህ ብየዳ የተማረ ጎበዝ ልጅ ካለ አንድ ወይ ሁለት እሺ፣ ሁላችሁም ከዛ የወጣችሁ ከሆናችሁ ግን ባንኩ ይሸሻል፣ ሐቁ ይሄ ነው። መተማውን ግን አልመክርህም፣ ሙያ ያለው ሰው ሰሊጥ ሊያጭድ መሄድ የለበትም፣ መንገዱም እንደምታውቀው ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ለሌሎቻችሁም። በ2015 መጨረሻ ከታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ተይዛችሁ ክስ ሳይመሠረትባችሁ የተለቀቃችሁ፣ ወይም ተከሳችሁ ነጻ የተባላችሁ፣ እናንተ አልተፈረደባችሁም፣ "ተፈርዶብዎት ያውቃል?" ለሚል ጥያቄ መልሳችሁ "የለም" ነው፣ ይሄ ውሸት አይደለም፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 20 ላይ ያልተፈረደበትን ሰው እንደ ንጹሕ ነው የሚቆጥረው። የነጻ መባያ ውሳኔውን ወይም መዝገቡ የተዘጋበትን ወረቀት ብቻ ቤታችሁ አስቀምጡ። በገደብ የወጣችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ ብዙ ሰው ገደብ ማለት ነጻ መባል ይመስለዋል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋተኛ ተብላችሁ ቅጣቱ ነው የታገደው። ሥራ እያላችሁ የታሰራችሁ ደሞ እስሩ ከ30 ቀን ካልበለጠና ለአሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ካሳወቃችሁ ውሉ ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም፣ ስለዚህ ቤተሰብ ስንቅ ከማመላለሱ ጎን ለጎን አንድ ሰው መሥሪያ ቤት ይላክ።

አንተ ግን ሰኞ ጠዋት የምትጀምረው ከፈረደብህ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነው፣ የውሳኔ ግልባጭ ብለህ። የመዝገብ ቁጥር ይጠይቁሃል። ከጠፋብህ አትጨነቅ፣ ማረሚያ ቤቱ የግል ማህደርህ ውስጥ ያለው የእስር ማዘዣ ላይ ተጽፏል፣ መዝገብ ቤቱ ሄደህ ስምህንና የገባህበትን ዓመት ንገራቸው ይፈልጉልሃል። ግልባጩን ስታገኝ የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ቀላል የሚል ከሆነ ማመልከቻውን አብረን እንጽፈዋለን።